ሦስት ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ፦ የተዘጋ መተላለፊያ፣ የሚታደስ ፈቃድና ቀይ ቀለም የተቀባ አጥር

የጠያቂያችን ደብዳቤ (ለዓምዱ እንዲስማማ አሳጥረነዋል)፦

«ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከአባቴ በወረስኩት ግቢ እኖራለሁ። ግቢያችን ከመንገዱ ገባ ያለ ስለሆነ ከፊት ለፊታችን ባለው ግቢ ጎን በምታልፍ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ባላት መተላለፊያ ነበር የምንወጣና የምንገባው። አባቴና የፊተኛው ግቢ ባለቤት በ1987 ዓ.ም. በሽማግሌዎች ፊት ተስማምተው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተፈራርመዋል። የፊተኛው ግቢ ተሸጠና አዲሱ ገዢ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የብሎኬት አጥር ገፍቶ ሠርቶ መተላለፊያዋን ዘጠና ሳንቲ ሜትር አደረሳት። የምተዳደረው ቤቴ ውስጥ በከፈትኩት የባልትና ሱቅ ነው፤ አሁን በርበሬ የጫነ ጋሪ አይገባልኝም። መተላለፊያው አፍ ላይ የነበረውን ታፔላዬንም ነቅሎ ጥሎታል። ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዴን ላድስ ብሄድ ‹መጀመሪያ ከጎረቤትሽ ጋር ያለውን ጉዳይ ጨርሺና ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ› ተባልኩ፤ ክፍያውም ከአምናው በዝቶብኛል። ይባስ ብሎ ባለፈው ወር የመጡ ቀያሾች የኋላ አጥሬ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ገብቷል ብለው ቀይ ቀለም ቀቡት። ከአጥሩ ጀምሮ ለቀበሌ፣ ለክፍለ ከተማና ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ሳስገባ ኖሬአለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ሦስቱንም ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ ጽፌ በግልባጭ ለሁሉም አዳርሻለሁ። ወንድሞቼ አጥሩን በሌሊት እናፍርሰው ይሉኛል። የከተማው ምክር ቤት ጉባኤ ሲቀመጥ ተገኝቼ ብናገር መንገዴ ይመለስልኛል ወይ?»

ወ/ሮ መ.፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

መልስ

የተከበሩ ወ/ሮ መ.፣

መጨረሻ ላይ ያነሱትን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። የከተማው ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ተገኝተው ቢናገሩ መተላለፊያዎ አይመለስም። ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ የከተማውን አስተዳደር ሥራ ይቆጣጠራል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስለሚያስከፍላቸው አገልግሎቶች ታሪፍ ይመክራል፤ በሁለት ጎረቤቶች መካከል አጥሩ የት ላይ መቆም እንደነበረበት ማስረጃ ሰምቶ የሚፈርድ አካል ግን አይደለም። የቀበሌዎ ተመራጭ ጉዳይዎን ሰምተው ቢያዝኑልዎትና ለሥራ አስፈጻሚው ደብዳቤ ቢያጽፉልዎትም፣ ያ ደብዳቤ ከጎረቤትዎ እጅ ካለው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ፊት ሲቀርብ አቅም የለውም። ስለዚህ ወደ ምክር ቤት የሚወስድዎት ጉዳይ ቢኖር ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የክፍያው ጉዳይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሦስቱን ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ ማድረግዎ ነው። ልብዎ ውስጥ ሦስቱም አንድ በደል እንደሆኑ ይገባኛል፤ አንድ ሰው ገፋኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ገፋኝ የሚል ስሜት አለው። ነገር ግን ፈቃድ የሚያድሰው፣ ቦይ የሚያስከብረውና የመተላለፊያ ክርክር የሚሰማው አካል የተለያየ ነው፤ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲደርስ የሚመራው ወደ አንዱ ክፍል ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ጉዳዮች ደግሞ እዚያው ፋይል ውስጥ ይተኛሉ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የውሃ ቆጣሪና የአጥር ጥያቄ በአንድ ወረቀት አጣምሬ አስገብቼ፣ ፋይሉ ውሃውን ወደሚመለከተው ክፍል ሄዶ ስምንት ወር ተቀምጧል፤ ስለ አጥሩ ማንም ሳያነብልኝ ጎረቤቴ ቤቱን ጣሪያ አልብሶ ጨረሰ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስቱ ጉዳዮች የሚያልቅባቸው ቀን ይለያያል። የእርስዎ ደብዳቤ ከተማረሩበት ጀምሮ ነው የተጻፈው፤ እኔ ግን ቀኑ ከሚቀድመው እጀምራለሁ።

የሚቀድመው ፈቃዱ ነው። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቅጣት ነው። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ የቀርዎት ከአንድ ወር ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ለማደስ የሚጠየቁት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ዋናው የዘመኑን ግብር የከፈሉ ስለመሆንዎ ከገቢዎች የሚሰጥ ማስረጃ ነው፣ አድራሻ ከተለወጠ ደግሞ ለውጡን ማሳወቅ ነው። ከጎረቤት ጋር መታረቅ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ‹ደብዳቤ አምጪ› ያለዎትን ሠራተኛ አይጣሉት፤ ግብርዎን ከፍለው ማስረጃውን ይያዙ፣ የማደሻ ማመልከቻዎን ብቻውን፣ ስለ መተላለፊያው አንድ ቃል ሳይጨምሩ ያቅርቡ፣ ካልተቀበለዎት ደግሞ ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። በቃል የሚከለክል ሠራተኛ በጽሑፍ ጻፍልኝ ሲባል ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ያድሳል። ከጻፈልዎት ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለቅሬታ ሰሚ ክፍል ለማቅረብ የሚያስችል ወረቀት አገኙ ማለት ነው። በዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሀዋሳ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው፤ እንዲህ ያለውን የአስተዳደር በደል በነጻ ይመረምራል።

የመተላለፊያው ክርክር እስኪያልቅ ፈቃዱን ላዘግየው ብለው ፈጽሞ አያስቡ። ያልታደሰ ፈቃድ ይዘው ሱቅዎን ከፍተው ቢገኙ በፍርድ ቤት ደንበኞቼ አይገቡም፣ ገበያዬ ቀንሷል ብለው ካሣ የሚጠይቁበትን መሠረት ራስዎ ያፈርሱታል፤ የጎረቤትዎ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፈቃድዎ የታደሰበትን ቀን ነው። በዚያው ላይ ፈቃዱን ቦታው ምቹ ለሆነ ዘመድ አከራይቼ ወይም አውሼ ልቆይ የሚል ሐሳብ ከመጣልዎት፣ ሕጉ ፈቃድን ማከራየትም ማስተላለፍም ይከለክላልና ይተዉት።

ስለ ክፍያው መብዛት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው ዓመት ‹ለፈቃድ› ብለው የከፈሉት ገንዘብ በአንድ ደረሰኝ ላይ የሰፈረ አንድ ክፍያ ነበር ወይስ የብዙ ነገር ድምር? የፈቃድ ማደሻው አንድ ነገር ነው፣ የንግድ ትርፍ ግብሩ ሌላ ነው፣ የቤትና የቦታ ግብሩ ሌላ ነው፣ ታፔላ ለመስቀል ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስከፍለውም ሌላ ነው። ሠራተኛው ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ሲጠራ የበዛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እያንዳንዱን በየደረሰኙ እንዲለይልዎትና የትኛው ታሪፍ ላይ እንደተመሠረተ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የጨመረው ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ከሆነ፣ እዚህ ላይ ነው የምክር ቤት ተመራጭዎን ማነጋገር የሚረዳዎት፤ በተለይም በጀትና ታሪፍ የሚመከርበት ወቅት፣ ማለትም ዘመኑ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት። የተነቀለው ታፔላዎን ግን ለጊዜው እንደገና አይትከሉ፤ ክፍያውን ለመክፈልም ቦታው የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፣ እሱም ወደ መተላለፊያው ይመልሰናል።

ከዚያ በፊት ቀይ ቀለም የተቀባው የኋላ አጥርዎ አለ። ይህን የማነሣው ደስ እንደማይልዎት አውቃለሁ፤ እርስዎ ተበድያለሁ ብለው ጽፈው እኔ እርስዎ ገፍተው ሊሆን ይችላል ብዬ ስመልስ። ነገር ግን ዘጠና ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀረችልኝ ተብሎ የሚከሰስ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከሳሽዋ ራሷ የቦዩን ስድሳ ሳንቲ ሜትር እንደያዘች ለዳኛው ማሳየት ነው። ሕጉ ሁለቱን አያገናኝም፣ ሰሚ ልብ ግን ያገናኛል።

ቀይ ቀለም ፍርድ አይደለም። ቀያሽ ያየውን ምልክት አድርጎ ይሄዳል፤ ትእዛዝ የሚሆነው በጽሑፍ ሲደርስዎት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከሕግ ውጭ የተያዘ ቦታን አግባብ ያለው አካል የ7 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለያዡ ሰው በመስጠት ወይም በንብረቱ ላይ በመለጠፍ፣ ካሣ መክፈል ሳያስፈልገው ሊያስለቅቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ልብ ይበሉ፤ መለጠፍ ብቻ ይበቃል። ቤት ውስጥ ሆነው የኋላ አጥርዎን ለሳምንት ሳያዩት ቢሰነብቱ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪመጣ አይጠብቁ።

አሁን የሚያስፈልግዎት ስድሳው ሳንቲ ሜትር የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሰዎችም ሁልጊዜ ያምታቷቸዋል። አባትዎ አጥሩን ሲያጥሩ ከካርታቸው አልፈው ወደ ቦዩ ገብተው ከሆነ ቦታው የእርስዎ አልነበረም፤ ካሣም የለውም፤ በራስዎ ቢያነሡት ቆርቆሮውና ብሎኬቱ ይተርፍልዎታል፣ በግሬደር ቢነሣ ደግሞ ፍርስራሽ ነው። ነገር ግን አጥርዎ በካርታዎ ክልል ውስጥ ቆሞ፣ ከተማው ቦዩን ለማስፋት ፈልጎ ከሆነ፣ ያ ሕገ ወጥ ይዞታ ማስለቀቅ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ነው። ያኔ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ በቦታው ላይ ላለው ንብረት ካሣ አስቀድሞ ይከፈላል፣ በትእዛዙ ቅር የተሰኘ ሰውም ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8ም ካሣ በቅድሚያ መከፈል እንዳለበት ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚታወቀው በካርታዎ ላይ ባለው ልኬት ነው እንጂ ቀያሹ በተናገረው ወይም አባትዎ ይሉት በነበረው አይደለም።

ስለዚህ ለመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት አጭር ማመልከቻ ያስገቡ፤ ‹ወሰኔ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታዬ መሠረት እንደገና እንዲለካልኝና የልኬቱ ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ› የሚል። የድሮ ካርታዎች ብዙዎቹ በሜትር ተዘርግቶ የተለኩ ስለሆኑ በዘመናዊ መሣሪያ ሲለኩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማሳየታቸው ያልተለመደ አይደለም፤ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ግን በስህተት ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ልኬቱ በእርስዎ ላይ ከወጣ አጥሩን ራስዎ ያስገቡት። ቦዩ ክረምት ሲገባ ከታቦር ተራራ በኩል የሚወርደውን ውሃ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው፤ የእርስዎ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ታችኛው ሰው ግቢ ውስጥ የሚገባ ውሃ ሊሆን ይችላል።

የልኬቱ ወረቀት ለሌላም ይጠቅምዎታል። በኋላ በኩል ቦይ እንጂ መንገድ እንደሌለ፣ ማለትም ግቢዎ ከፊት በቀር ሌላ መውጫ እንደሌለው፣ በከተማው ራሱ እጅ የተጻፈ ማስረጃ ሆኖ ያገለግልዎታል።

አሁን ወደ መተላለፊያው። እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለና ታገሡኝ።

መጀመሪያ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ መተላለፊያዋ የማን ናት የሚለው ነው። እርስዎ በደብዳቤዎ ‹መንገዴ› ይሏታል፤ ጎረቤትዎ ምናልባት ‹ቦታዬ› ይላታል፤ የከተማው ፕላን ደግሞ ሦስተኛ ነገር ሊላት ይችላል። የራስዎን ካርታና ሳይት ፕላን ቅጂ ይያዙ፣ የአካባቢውን የፕላን ክፍል ደግሞ ቦታዋ በፕላኑ ላይ ምን ተብላ እንደተመደበች በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎት ይጠይቁ። በፕላኑ ላይ የጋራ መተላለፊያ ወይም መንገድ ተብላ ከተሰመረች ጎረቤትዎ የገፋው እርስዎን ሳይሆን ሕዝቡን ነው፤ ያን የሚያስከብረው የከተማው ደንብ ማስከበር ነው፣ እርስዎም የፕላን ክፍሉን ደብዳቤ ይዘው ወደዚያ መሄድ ነው፤ ነገሩ ቀላል ይሆናል። ታፔላዎም በሕዝብ መንገድ አፍ ላይ የሚቆም ስለሚሆን ፈቃዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ነው።

እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። አባትዎና የቀድሞው ባለቤት ወረቀት መፈራረማቸው መተላለፊያዋ የፊተኛው ግቢ አካል እንደነበረች ይጠቁማል፤ የሕዝብ መንገድ ቢሆን ኖሮ ምን ያፈራርማቸዋል? እንዲያ ከሆነ የያዙት መብት በሌላ ሰው ቦታ ላይ የማለፍ መብት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን አንዱ ቦታ ለሌላው ቦታ የሚሰጠው አገልግሎት አድርጎ ያየዋል፤ መብቱ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ከቦታዎቹ ጋር ነው የሚሄደው። የመብቱ ችግር ወረቀቱ ላይ ነው። የሕጉ አንቀጽ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ እንዲህ ያለ መብት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል። የአባትዎ ወረቀት በጽሑፍ ነው፣ ምዝገባ ግን የለውም፤ አዲሱ ገዢ ሲገዛም በቦታው ላይ ያለ ግዴታ ተብሎ በስም ዝውውሩ ላይ ያልሰፈረ ይመስላል። ወረቀቱን ግን አይጣሉት፤ ፎቶ ኮፒ አስደርገው ዋናውን በደህና ቦታ ያስቀምጡ። የፈረሙት ሽማግሌዎች ካሉ ስማቸውንና የሚገኙበትን አሁኑኑ ይመዝግቡ። ከ1987 ዓ.ም. እስካሁን ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏል፤ ሽማግሌ ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ወረቀቱ ብቻውን ባያሸንፍም ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉዎት። አንዱ በይዞታ ላይ የተመሠረተ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም በይዞታው መጠቀም የተሰናከለበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራውም እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። በዚህ ክስ የሚጠየቀው የባለቤትነት ክርክር ሳይሆን እርስዎ በተጨባጭ ትጠቀሙበት ነበር ወይ፣ እሱስ አሰናክሏል ወይ የሚለው ነው። ተከሳሹ የሚያመልጠው ድርጊቱን የሚፈቅድለት መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ ነው። ስለዚህ የእሱ ካርታ ምን እንደሚል ከክሱ በፊት ማወቅ ይጠቅማል።

ይህን ክስ ለማቅረብ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። አጥሩ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ቆሟል፤ ሁለቱ ዓመት የሚሞላው በመጪው ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው። እርስዎ ግን ‹ከአጥሩ ጀምሮ ማመልከቻ ሳስገባ ኖሬአለሁ› ብለዋል። የቀበሌ ደጃፍ የቆሙበት፣ በክፍለ ከተማው ‹ነገ ይምጡ› የተባሉበት፣ ለማዘጋጃ ቤቱ በግልባጭ የላኩበት ጊዜ ሁሉ ከሁለቱ ዓመት አይቀነስልዎትም። ማመልከቻ ክስ አይደለም። አጥሩ የተጀመረበትን ትክክለኛ ቀን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ያኔ በስልክ የተነሣ ፎቶ ወይም የመጀመሪያው ማመልከቻዎ የገባበት የመዝገብ ቤት ማኅተም ካለ ፈልገው ያውጡት፤ ቀኑን የሚቆጥሩት ከዚያ ነው፤ በጥርጣሬ ከሚቆጥሩ ደግሞ ከሰኔ አንድ ወር ቀደም አድርገው ይቁጠሩ።

ሁለተኛው መንገድ በመብት ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ የሌለው ወይም በቂ መውጫ የሌለው ቦታ ያለው ሰው በጎረቤቱ ቦታ ላይ ተገቢ ካሣ ከፍሎ እንዲያልፍ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ‹በቂ› የሚለውን ቃል ይያዙት። ጎረቤትዎ ‹ዘጠና ሳንቲ ሜትር ትቼላታለሁ፣ ሰው ያሳልፋል› ይላል። ሰው ያሳልፋል፤ በርበሬ የጫነ ጋሪ አያሳልፍም፣ ባጃጅ አያሳልፍም፣ የታመመ ሰው የተሸከመ ቃሬዛ ሲዞር ይነካል፣ እሳት ቢነሣም እንዲሁ ነው። ክሱ ውስጥ ሲገባ ‹መንገዴ ተዘጋ› ከማለት ይልቅ ይህን በቁጥር ቢጽፉት ይሻላል፤ የጋሪ ስፋት፣ የባጃጅ ስፋት፣ የቀረው ስፋት። የውሃ መስመርዎም በዚያች መተላለፊያ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ያንንም ያመልክቱ፤ ሕጉ የውሃና የመብራት መስመር በጎረቤት ቦታ ላይ እንዲያልፍ የሚፈቅድበት ሁኔታ አለው። ይህ መንገድ ካሣ ያስከፍላል፤ አባትዎ በነጻ ያገኙትን እርስዎ ሊገዙት ይሆናል ማለት ነው። ይህ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በምዝገባ የሚያዝ መብት ከሆነ ቀጣዩ ገዢም ያከብረዋል፣ በእጅ የተጻፈው ወረቀት ግን የመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ወድቋል።

ወንድሞችዎ አጥሩን በሌሊት እናፍርሰው ያሉትን ነገር ዛሬውኑ ያስቁሙ። ሕጉ ይዞታውን የሚነጥቀውን ሰው በኃይል መመለስን የሚፈቅደው ነገሩ በሚፈጸምበት ጊዜ ወዲያውኑ ሲሆን ነው፤ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በሌሊት የሚፈርስ አጥር የወንጀል ክስ ነው፣ ክሱም የሚቀርበው በወንድሞችዎ ላይ ነው። ጎረቤትዎ አሁን በዚያ አጥር ላይ ጣሪያ ወይም ሱቅ ሊጨምር ከጀመረ ግን ለፍርድ ቤቱ ከክሱ ጋር ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥልዎት መጠየቅ ይቻላል።

ከክሱ በፊት ሽምግልና አይሞከር አልልም። በሲዳማ ሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ላይ ሽማግሌ ተቀምጦ የሰማውን ነገር ሁለቱም ወገን ሳያከብሩት መሄድ ያሳፍራል፤ አፊኒ፣ ማለትም ‹ሰማችሁ ወይ› ተብሎ ነገሩ በሁለቱም ወገን አፍ ተሰምቶ ነው የሚታየው። አዲሱ ገዢ ከእነማን ጋር እንደሚከበር ያጣሩና በዚያ በኩል ይላኩ፤ ምናልባት ከሁለት ሜትር ተኩሉ ሁለት ሜትሯን ይመልስልዎት ይሆናል። ከተስማሙ ግን የአባትዎን ስህተት አይድገሙ፤ ስምምነቱ ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ ጋሪና ባጃጅ ማለፍ መቻሉን፣ የውሃ መስመሩን ሁሉ አስፍሮ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈረም፣ በይዞታ ምዝገባው ላይም በቦታው ያለ ገደብ ሆኖ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ሽምግልናውንም ቀን ወስነው ይጀምሩ። ‹ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን› እየተባለ ሰኔ ቢያልፍ በይዞታ በኩል ያለዎት ክስ ያልፍበታል፤ ሽማግሌ መጥቶ ከሄደ በኋላም ቢሆን ክሱ ግንቦት ሳያልቅ ፍርድ ቤት መግባት አለበት።

የጠበቃ ክፍያ ከከበደዎት የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ካርታዎን፣ የአባትዎን ወረቀት፣ የማመልከቻዎችዎን ቅጂና የአጥሩን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሲሄዱ ግን ሦስቱን ጉዳይ በሦስት የተለያዩ ክላሰሮች ያድርጓቸው፤ በፈቃዱ ክላሰር ላይ ‹ታኅሣሥ 30›፣ በመተላለፊያው ክላሰር ላይ ‹ሰኔ› ብለው በትልቁ ይጻፉ፤ የኋላ አጥሩ ክላሰር ላይ ደግሞ ቀን አይጻፉ፣ አጥሩን ግን ጠዋት ጠዋት እየሄዱ የተለጠፈ ወረቀት መኖር አለመኖሩን ይዩ።